የአሮጌ መኪና ቀለምና የፊት መብራት ዕድሳት ቃላት፤ ታሪካቸውና የስያሜያቸው ጉዳይ

1. መነሻ

የሙያ ቃላት ታሪክ ከሙያው ታሪክ ተለይቶ የሚጻፍ አይደለም። አንድ ዕቃ ወደ አንድ አገር ሲገባ ስሙን ይዞ ይገባል፤ ወይም ስሙን ጥሎ ከአገሬው ቋንቋ ሌላ ስም ይቀበላል፤ ወይም ደግሞ ዕቃው እየተለወጠ ሲሄድ የቀድሞ ስሙ ብቻ ሳይለወጥ ይቀራል። ከእነዚህ ከሦስቱ መንገዶች ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ እጅግ የሚያሳስበው ሦስተኛው ነው። በሦስተኛው መንገድ ስሙ በቦታው ስላለ ማንም አይመረምረውም፤ ዕቃው ግን ከስሙ ሥር ሌላ ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመሩት የአሮጌ መኪና ቀለምና የፊት መብራት በቤት ሲታደስ የሚያስፈልጉ ቃላት ናቸው። ርእሱ ለአንዳንድ አንባብያን ተራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎች በዕድሜያቸው መጠን ከፍ ያለ ታክስ እንዲከፈልባቸው ደነገገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ። በመሆኑም ዛሬ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዘመን ያገለግላሉ ማለት ነው። ባለቤቶቻቸውም ከጋራዥ ዋጋ ለመዳን በግቢያቸው ፍቀውና ወልውለው ሊያድሷቸው ይነሣሉ። ይህን ሲያደርጉ በአጠገባቸው ባለሙያ የለም፤ ያላቸው በቆርቆሮው ላይ የተለጠፈው መመሪያና ተርጓሚው የሰጣቸው ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ቢያሳስት የሚበላሸው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ሳይሆን መኪናው፣ አንዳንድ ጊዜም የሠሪው ሳንባ ነው።

2. መኪና ስሙን ከየት አገኘ

አማርኛ በሞተር የሚንቀሳቀሰውን ዕቃ ለመሰየም አስቀድሞ የነበረው ቃል «ባቡር» ነው። ይህ ቃል እንፋሎት የሚል ትርጉም ካለው የሮማይስጥ ዘር ቃል የተገኘና በዐረብኛ በኩል የተላለፈ ሲሆን፣ በአማርኛ ሐዲድ ላይ ለሚሄደው ባቡር ብቻ ሳይሆን ለእህል ወፍጮም፣ ለመንገድ መዳመጫም ያገለግል ነበር። ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መንገድ መዳመጫ በሕዝቡ አፍ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተሰኘች መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲደርስና ዳግማዊ ምኒልክ ሲመለከቱት ዕቃው ገና የቤተ መንግሥት ብርቅ ነበር፤ ለሕዝብ ቋንቋ ስም የሚሻ የሕዝብ ዕቃ አልነበረም። ዕቃው ሲበዛ ያሸነፈው የኢጣልያንኛው «ማኪና» ነው። ይህም በኢጣልያንኛ ማንኛውም መሣሪያ ማለት ሲሆን፣ ምንጩ በሮማይስጥ በኩል የመጣ የግሪክ ቃል ነው። «መካኒክ» የሚለው ቃልም ከዚያው ሥር የበቀለ ስለሆነ፣ መኪናና መካኒክ በሁለት በር የገቡ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አማርኛ የቃሉን ሰፊ ትርጉም አልጣለም፤ «የስፌት መኪና»፣ «የጽሕፈት መኪና» እንላለን። የሕግ ቋንቋ በበኩሉ «ተሽከርካሪ» የሚለውን ከአማርኛ ግሥ አውጥቶ ይጠቀማል። ዛሬ ሁለቱ ቃላት ሥራ ተከፋፍለው ይኖራሉ፤ አንዱ በአዋጅ፣ ሌላው በመንገድ።

3. የጋራዥ ቃላት አወቃቀር

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን የመኪና መንገድና የጥገና ሥራ ሲስፋፋ የሙያው ቃላትም አብረው ተስፋፉ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኮፈኖ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ የመሳሰሉት ሁሉ የኢጣልያንኛ ቃላት ናቸው። አንዳንዶቹ የመጨረሻ አናባቢያቸውን ጥለው የአማርኛን መልክ ያዙ፤ «ፍሬኖ» ፍሬን፣ «ሞቶሬ» ሞተር ሆኑ። በመኪና ጣሪያ ላይ ጓዝ የሚጫንበት «ፖርታባጋሊ» ደግሞ ከንፈራዊውን «ባ» በሌላ ከንፈራዊ ድምፅ በ«መ» ለውጦ «ፖርቶመጋላ» ተባለ። በጋራዥ የመኪና አካል የሚያቃናው ሙያ «ባትላሜራ» ይባላል፤ በኢጣልያንኛ ቃሉ «ቆርቆሮ ቀጥቃጭ» ማለት ነው።

ከእነዚህ ቃላት ውስጥ አንዳንዶቹ የቴክኖሎጂ ታሪክ ቅሪት ናቸው። «ፍሬቻ» በኢጣልያንኛ ፍላጻ ማለት ነው። የዛሬው የመታጠፊያ ምልክት ብልጭ የሚል መብራት እንጂ የፍላጻ መልክ የለውም፤ ቀደም ባለው ዘመን ግን ከመኪናው ጎን እንደ ክንድ ብቅ ብሎ አቅጣጫ የሚያመለክት ዘንግ ነበር። ዘንጉ ጠፋ፤ ስሙ ቀረ። «የብርጭቆ ወረቀት»ም እንደዚሁ ነው። በኢጣልያንኛ «ካርታ ቬትራታ» ማለት ብርጭቆ ያለበት ወረቀት ማለት ሲሆን፣ አማርኛ ድምፁን ሳይሆን ትርጉሙን ተበደረ። በጥንቱ አሠራር በወረቀቱ ላይ የሚለጠፈው የተፈጨ ብርጭቆ ስለ ነበር ስሙ ትክክል ነበር፤ የዛሬው ግን በአብዛኛው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም ሲሊኮን ካርባይድ ነው። ይህ ስም ማንንም ስለማይጎዳ ባለበት ቢቆይ አይከፋም። ከዚህ በታች የምናያቸው ግን እንደዚህ የዋሆች አይደሉም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ከኢጣልያንኛ የተበደርነው በአብዛኛው ስሙን ነው፤ ግሡን አልተበደርንም። ባለሙያው ፍሬን ይይዛል፣ ጎማ ይፈታል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ ላሜራ ይበይዳል፣ ስቱኮ ይቀባል፣ ዝገት ይፍቃል። ዕቃው የውጭ ስም ቢኖረውም የእጁ ሥራ የሚነገረው በአማርኛ ነው። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። መፋቅን ብራና ፋቂው፣ መበየድን አንጥረኛው፣ መለሰንን ቤት ሠሪው ከመኪና መምጣት በፊት ያውቁት ነበር። እንግዲህ ለአዲሱ የቀለም ሥራ አዲስ ስያሜ ስንሻ መነሻችን እነዚህ ግሦች ሊሆኑ ይገባል።

4. ቀለም፤ አንድ ቃል፣ ብዙ ሥራ

«ቀለም» በአማርኛ ከታታሪዎቹ ቃላት አንዱ ነው። የጽሕፈት ቀለም ነው፤ የነገር መልክ፣ ማለትም ቀይና ጥቁር ነው፤ በግድግዳና በብረት ላይ የሚቀባው ፈሳሽ ነው፤ ትምህርት ነው፤ በሥነ ልሳንና በቅኔ ደግሞ የድምፅ ክፍል ነው። ለተናጋሪው ይህ ሀብት ነው። ለመኪና ዕድሳት መመሪያ ተርጓሚ ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ትርጉም አለመለየታቸው ችግር ያመጣል። «የመኪናው ቀለም ለቀቀ» የሚል ዓረፍተ ነገር መልኩ ደበዘዘ ማለት ነው ወይስ ቅቡ ተላጠ? ሁለቱ ሕመሞች መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። የደበዘዘው ተፈትጎ ወዙ ይመለሳል፤ የተላጠው ግን ምንም ያህል ቢወለወል አይመለስም፣ እንደገና መቀባት አለበት።

ይህ ልዩነት የመጣው ከቅቡ ታሪክ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች እንደ ፈረስ ሠረገላ በብሩሽና በቫርኒሽ ይቀቡ ስለ ነበር፣ ደርብ በደርብ እስኪደርቅ ሥራው ሳምንታት ይወስድ ነበር። የፎርድ ኩባንያ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ከ1914 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. በጥቁር ቀለም ብቻ የሠራው ፈጥኖ የሚደርቅ ርካሽ ቅብ ፍለጋ ነበር። በ1923 እ.ኤ.አ. ዱፖንት የተባለው ኩባንያ «ዱኮ» የሚል ስም የሰጠውን የናይትሮሴሉሎስ ቅብ ለመኪና ሲያቀርብና የጄነራል ሞተርስ ኦክላንድ መኪና በሰማያዊ ሲቀባበት የሳምንታቱ ሥራ ወደ ጥቂት ቀናትና ሰዓታት ወረደ። የቋንቋ ሰውን የሚያስደስተው ነገር፣ ይህ የንግድ ስም በአውስትራሊያ እንግሊዝኛና በኢንዶኔዥያ ቋንቋ እስከ ዛሬ የመኪና ቀለም ሁሉ መጠሪያ ሆኖ መቅረቱ ነው።

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የአልኪድ ቅብ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ የአክሪሊክ ቅብ ተከተሉ። እነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ መልኩም ወዙም ከአንዱ ቅብ የሚገኝ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለረጅም ዘመን የታየው የቀድሞው ቮልስዋገን ቅብም በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ሌላ አሠራር ተስፋፋ። መልክ የሚሰጠው ቅብ ወዝ አልባ ሆኖ ከሥር ይቀባል፤ በላዩ ላይ ቀለም የሌለው፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ ቅብ ይደረባል። ወዙም መከላከያውም ያለው በዚህ በላይኛው ነው። ፀሐይ ይህን ሲጎዳው መጀመሪያ ነጭ ንጣት ያሳያል፤ ቀጥሎም እንደ እባብ ቆዳ ይቀረፋል።

እንግዲህ ለሁለቱ አሠራሮች ሁለት ስም ያስፈልጋል። የሸማ ቋንቋ ያበደረን «ነጠላ» እና «ድርብ» የሚሉት ቃላት ለዚህ ተስማሚ ናቸው። የቀድሞውን «ነጠላ ቅብ»፣ የኋለኛውን «ድርብ ቅብ» ብንለው አንባቢው ሳይተረጎምለት ይረዳል። በድርቡ ውስጥ የታችኛው «የመልክ ቅብ»፣ የላይኛው «የጠራ ቅብ» ሊባል ይችላል። «ቀለም» ለመልክ ብቻ ቀርቶ ለሚቀባው ነገር «ቅብ» ከተለየ «ቀለሙ ደበዘዘ» እና «ቅቡ ተላጠ» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች አይምታቱም።

ባለቤቱ መኪናው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚለይበት ቀላል ፈተና አለ። ከማይታይ ቦታ በነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት መፈተጊያ አድርጎ ያሸዋል። ጨርቁ የመኪናውን መልክ ከያዘ ቅቡ ነጠላ ነው፤ ካልያዘ ድርብ ነው። በድርብ ቅብ ላይ ጥንቃቄው ይበዛል። የጠራው ቅብ ውፍረት በአብዛኛው ከ35 እስከ 60 ማይክሮሜትር ነው፤ ይህም ከብዙ ሰው ጠጉር ውፍረት የሚያንስ ነው። መመሪያው «በደንብ ፈትጉ» ብቻ ቢል ሠሪው ይህን ስስ ሽፋን ጨርሶ ሊያነሣው ይችላል።

5. የፊት መብራት፤ መስተዋት ያልሆነ መስተዋት

የመኪና መብራት መጀመሪያ የነዳጅ ወይም የአሴቲሊን ፋኖስ ነበር። «ፋኖስ» ራሱ ከግሪክኛ በዐረብኛ በኩል የደረሰን ቃል ሲሆን፣ ኢጣልያንኛው «ፋናሌ»ም ከዚያው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ካዲላክ በ1912 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ ማስነሻና መብራት አብሮ ካቀረበ ወዲህ ኤሌክትሪክ ተስፋፋ። በአሜሪካ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምፖሉ፣ አንጸባራቂውና የፊት መስተዋቱ አንድ ላይ የታሸጉበት መብራት ደንብ ሆነ፤ ሲቃጠል ሁሉም አብሮ ይለወጣል። በአውሮፓ ደግሞ አምፖሉ ብቻ የሚለወጥበት አሠራር ቀጠለ፤ በ1962 እ.ኤ.አ. የሃሎጅን አምፖል መጣ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ የመብራቱ ፊት መስተዋት ነበር። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የተሠራው ቮልስዋገን መብራቱን በተዘነበለ መስተዋት ይሸፍን ነበር። ስለሆነም «የመብራት መስተዋት» የሚለው የአማርኛ ስም በዘመኑ እውነተኛ ነበር።

በ1953 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሄርማን ሽኔል፣ በአሜሪካ ዳንኤል ፎክስ በየፊናቸው ፖሊካርቦኔት የተባለውን ጠንካራና ብርሃን የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ አገኙ። በአሜሪካ በ1983 እ.ኤ.አ. ደንቡ ከተለወጠ በኋላ ሊንከን ማርክ ሰባት የተባለው የ1984 መኪና የፕላስቲክ ፊት ያለው መብራት ይዞ ወጣ፤ አውሮፓም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፣ በጠጠር አይሰበርም፣ በተፈለገው ቅርጽ ይቀረጻል። ነገር ግን አልትራቫዮሌት ጨረር ይጎዳዋል። ስለዚህ ከፋብሪካ ሲወጣ ስስ መከላከያ ቅብ ይደረግለታል፤ ይህ ቅብ በዓመታት ፀሐይ ሲያልቅ ፕላስቲኩ ይወይባል፣ ይሻክራል፣ ብርሃኑንም ይበትናል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባ የፀሐዩ ጨረር ከቆላው ይልቅ ብርቱ ስለሆነ ውጭ ለሚያድር መኪና ጉዳቱ ይከብዳል።

ዕቃው እንዲህ ሲለወጥ ስሙ ግን «መስተዋት» እንደሆነ ቀረ። ከዚህ ሁለት ስሕተት ይወለዳል። አንደኛው፣ «መስተዋት» በአማርኛ መመልከቻም የመስኮት ጠፍጣፋም ስለሆነ፣ «የመብራቱ መስተዋት ደፈረሰ» ሲባል የፊቱ ሽፋን ይሁን በውስጥ ያለው አንጸባራቂ አይታወቅም። በእውነተኛ መስተዋት የተሸፈነ አሮጌ መብራት አይወይብም፤ ከደበዘዘ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የአንጸባራቂው መዛግ ነው፣ ስለዚህ ፊቱን መፈተግ ድካም ብቻ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ይከፋል። መስተዋት በቲነር ቢታጠብ ምንም አይሆንም። ፖሊካርቦኔት ግን በቲነርና በአሴቶን ሲነካ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል፣ ዳግመኛም አይድንም። «የመብራቱን መስተዋት አጽዱ» የሚል ትርጉም ያነበበ ሰው በእጁ ያገኘውን ቲነር ቢያፈስበት ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ የቃሉ ነው።

ስለዚህ ጠቅላላ ስሙ «የመብራት ሽፋን» ቢሆን፣ አስፈላጊ ሲሆን ደግሞ «የመስተዋት ሽፋን» እና «የፕላስቲክ ሽፋን» ተብሎ ቢለይ ይሻላል። ለሕመሙ ግን አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። «ወየበ» የሚለው ግሥ ነጭ ነገር በዕድሜ ወደ ቢጫ ሲያደላ የሚነገር ነው፤ ነጭ ልብስ ይወይባል፣ ጥርስም ይወይባል። ከወየበው በላይ ብርሃንን የሚጋርደውን ሻካራ ንጣት ደግሞ «ሞራ» ብንለው፣ ከዐይን ሞራ ጋራ ያለው ምስስል ግልጽ ስለሆነ ሰሚው ወዲያው ያስተውላል፤ ብርሃን ማስተላለፍ የነበረበት ነገር ተጋርዷልና።

6. የሥራው ቅደም ተከተልና ግሦቹ

የፕላስቲክ ሽፋን ዕድሳት በአጭሩ እንዲህ ነው። ሽፋኑ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ በዙሪያው ያለው የመኪና ቅብ እንዳይጫር በወረቀት ፕላስተር ይከለላል። ከዚያ በውኃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ በቁጥር 800 ወይም 1000 ተጀምሮ በ2000 ከዚያም በ3000 ይቀጥላል። ቀጥሎ በመፈተጊያ ይፈተጋል፤ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጨረር የሚከላከል ቅብ ይደረግለታል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ከተዘለለ የቀረው መከላከያ ሁሉ አስቀድሞ ስለ ተፋቀ ሽፋኑ በወራት ውስጥ እንደገና ይወይባል። መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ቅብና ተራውን ሰም በአንድ «ማንጸባረቂያ» በሚል ቃል ያጠቃልላሉ። ሰም ግን ወዝ ይሰጣል እንጂ ጨረርን ለረጅም ጊዜ አይከላከልም። ሁለቱ ሊለዩ ይገባል።

ስለ ቁጥሩም አንድ ነገር እንጨምር። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ሲጨምር ደቃቅነቱ ይጨምራል። ለለማጅ ይህ ተቃራኒ ሊመስለው ስለሚችል «ከፍ ያለ ወረቀት» የሚል ትርጉም አደናጋሪ ነው፤ «ደቃቅ ወረቀት» እና «ሻካራ ወረቀት» ማለት ከቁጥሩ ጋራ ተጣምሮ ጥርጣሬን ያስወግዳል።

በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ አማርኛ ያሉት ግሦች እርስ በርሳቸው ደረጃ አላቸው። «ፋቀ» ከላይ ያለውን ማንሣት ነው፤ «ፈተገ» በደቃቅ ነገር አሽቶ ማለስለስ ነው፤ «ወለወለ» ምንም ሳያነሡ ማጽዳትና ማሳመር ነው። በአንድ የባዕድ ግሥ የሚነገሩ ሥራዎች በአማርኛ በሦስት ይከፈላሉ ማለት ነው፤ ተርጓሚው ይህን ሀብት ሳይጠቀም ሁሉንም «ማጽዳት» ቢል ቋንቋውን ድኻ ያስመስለዋል።

የቅቡ ደርብም እንዲሁ ነው። ቤት ሠሪው ግድግዳውን በምርጊት ይሞላል፣ በልስን ያለሰልሳል፣ በቅብ ያሳምራል። መኪናውም ጎድጓዳው በስቱኮ ይሞላል፣ በመነሻ ቅብ ይለሰልሳል፣ በመልክ ቅብ ያምራል። «ስቱኮ» በሙያው ዘንድ የጸና ስለሆነ መንካት አያስፈልግም፤ የቀሩት ግን ከግሦቹ ሊወጡ ይችላሉ።

7. ማድረቂያና አጠንካሪ

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ቃል በሁለት ቆርቆሮ የሚሸጠው የጠራ ቅብ ሁለተኛው ክፍል ስም ነው። በአማርኛ ቅብ «ደረቀ» ስንል ሁለት የተለያዩ ክንውኖችን እንጨምራለን። አንደኛው ማቅጠኛው ተኖ ቅቡ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው ሁለት ኬሚካሎች ተዋሕደው አዲስ ጠንካራ አካል መፍጠራቸው ነው። ሁለተኛውን ክንውን የሚያመጣውን ፈሳሽ «ማድረቂያ» ብሎ መተርጎም ቀላል ነው፤ ነገር ግን አሳሳች ነው። «ማድረቂያ» ያነበበ ሰው ፀሐይ ካለ ያለ እርሱም ይደርቃል ብሎ ሊተወው፣ ወይም ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ከመጠን በላይ ሊጨምረው ይችላል፤ በሁለቱም መንገድ ቅቡ ይበላሻል።

ከቅቡ መበላሸት የሚከፋ ጉዳይም አለ። ይህ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ይይዛል፤ ተረጭቶ ሲተነፈስ አስም ሊያስከትል ይችላል፤ አንድ ጊዜ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል። ተራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አይበቃም፤ በሙያው ደንብ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያቀርብ ጭንብል ያስፈልጋል። እንግዲህ በግቢው ለሚሠራ ሰው የሚሰጠው እውነተኛ ምክር ነጠላ ቅብን ፈትጎ ወዙን መመለስ፣ የመብራት ሽፋንን ማደስ፣ የተላጠ ድርብ ቅብን ግን የመርጫ ክፍል ላለው ባለሙያ መተው ነው። አሮጌ ቅብም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ሳይሆን በውኃ እየራሰ ቢፋቅ አቧራው አይነሣም።

ስለዚህ ለዚህ ፈሳሽ «አጠንካሪ» የሚለው ስያሜ ቀርቧል። «ማድረቂያ» ደግሞ መድረቅን ብቻ ለሚያፋጥነው ይቆይ። ሁለቱን ቃላት መለየት ለመዝገበ ቃላት ሥርዐት ብቻ የተደረገ አይደለም፤ አንባቢው ጭንብል እንዲያስብ የሚያደርገው የስሙ መለየት ነው።

8. የቀረቡ ስያሜዎች

ቅብ፦ በብረት ላይ የሚቀባው ፈሳሽ፤ «ቀለም» ለመልክ ይቆያል።
ነጠላ ቅብ፦ መልክና ወዝ ከአንድ ቅብ የሚገኝበት።
ድርብ ቅብ፦ የመልክ ቅብና የጠራ ቅብ የተደራረቡበት።
መነሻ ቅብ፦ ከብረቱ ወይም ከስቱኮው ጋራ የሚያጣብቀው የመጀመሪያ ቅብ።
ማቅጠኛ፦ ቅብን የሚያቀጥን ፈሳሽ፤ «ቲነር» በአጠገቡ ይጻፋል።
አጠንካሪ፦ ከቅቡ ጋራ ተዋሕዶ የሚያጠነክረው ሁለተኛ ክፍል።
መፈተጊያ፦ ደቃቅ ፍርፋሪ ያለበት ቅባት፤ ከ«ሰም» ይለያል።
የመብራት ሽፋን፦ የመስተዋት ወይም የፕላስቲክ።
አንጸባራቂ፦ በመብራቱ ውስጥ ያለው ብርሃን መላሽ።
መወየብ፣ ሞራ፦ የፕላስቲክ ሽፋን ሕመሞች።

9. ስለ ተቃውሞዎች

ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው «የጋራዡ ሰው ቃል አለው፤ አዲስ ለምን?» የሚለው ነው። የጋራዥ ቃል ከእጅ ጋራ የሚማሩት ቃል ነው። ተለማማጁ ቆርቆሮውን እያየ፣ ሽታውን እያሸተተ፣ የባለሙያውን ቁጣ እየሰማ ስለሚማረው ቃሉ ቢያሳስት ሁኔታው ያቃናዋል። በቤቱ የሚሠራ ሰው ግን ከቃሉ በቀር አስተማሪ የለውም። ስለሆነም በጋራዥ የሚበቃው ቃል በጽሑፍ ላይበቃ ይችላል። ይህም ሆኖ የጸኑትን ቃላት፣ እንደ ስቱኮና ላሜራ ያሉትን፣ መንቀል አልተፈለገም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላው ወገን የሚመጣ ነው፤ «ለምን ከግዕዝ አይወሰድም?» የሚል። ግዕዝ ለረቂቅ ጽንሰ ሐሳብ የማይነጥፍ ምንጭ ነው። ነገር ግን የፊት መብራትን «ማኅቶተ ገጽ» ብንለው ቃሉ ያምራል፤ መብራቱን የሚያድሰው ሰው ግን ምን እንደሚያድስ አያውቅም። ስያሜ ከምንጩ ክብር በፊት በተቀባዩ እጅ የሚሠራውን ሥራ ሊያይ ይገባዋል። አማርኛ ግሥ ባለው ቦታ ከግሡ መነሣት፣ በሌለው ቦታ ወደ ግዕዝና ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች መሄድ፣ የውጭው ቃል ጸንቶ ከሆነ እርሱን መቀበል ተገቢው ቅደም ተከተል ነው።

እነዚህ ስያሜዎች ከመዝገበ ቃላት ከመግባታቸው በፊት በሙያው ባሉ ሰዎች ዘንድ ሊፈተኑ ይገባል። ፈተናውም ቀላል ነው። መመሪያውን ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ፣ ምንም ሳይጨምሩ፣ የሚያደርገውን መመልከት ነው። ቲነሩን ከፕላስቲኩ ካራቀ፣ አጠንካሪውን በልክ ከጨመረና ከመርጨቱ በፊት ስለ ጭንብል ከጠየቀ ቃላቱ ሥራቸውን ሠርተዋል። ከተሳሳተ ግን ሰውየውን ከመውቀስ በፊት ቃሉን መልሶ መመርመር የስያሜ ሠራተኛው ግዴታ ነው።